የፋሲካው ብሬዛኦላ ለምን ከቅበላ በፊት ይታዘዛል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

በቅርቡ አንዲት እናት ወደ ሱቃችን መጥተው የብሬዛኦላውን ዋጋ ካነበቡ በኋላ፣ «ልጆቼ፣ እዚያ ማዶ ያለው ሥጋ ቤት ጥሬውን በግማሽ ዋጋ ይሸጥልኛል» አሉን። ልክ ናቸው። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለእርሳቸውም፣ እዚህ ሚላኖ ፖርታ ቬኔዢያ አካባቢ ለምትገዙን ሁሉም፣ የጎደለው ሥጋ የት እንደገባና የፋሲካን ትዕዛዝ ለምን ቀደም ብለን እንደምንቀበል ለመንገር ነው።

ብሬዛኦላ ከበሬ የኋላ ታፋ የሚሠራ፣ ስቡና ጅማቱ ተገፍፎ የወጣለት፣ እሳት የማይነካው ቀይ ሥጋ ነው። በጨውና በቅመም ይታሻል፤ ከ10 እስከ 15 ቀን ይተኛል፤ ከዚያ በበሬ አንጀት ተጠቅልሎ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይሰቀላል። 3 ኪሎ ሆኖ የገባው ሲወርድ 2 ኪሎ አይሞላም። የጎደለው ውኃ ነው። ሥጋን የሚያበላሹ ረቂቅ ተሕዋስያን ያለ ውኃ መራባት ስለማይችሉ፣ ጨው ውኃውን ይስባል፣ አየር ይወስደዋል፣ የቀረው ይቆያል። ቋንጣ የሰቀለ ሰው ይህን ከእኛ መማር አያስፈልገውም። ልዩነቱ ቋንጣ በቀጭኑ ተተልትሎ በቀናት መድረቁ፣ ብሬዛኦላ ደግሞ እንደወፈረ ተሰቅሎ ሳምንታት መፍጀቱ ነው።

አምና ቸኩለን ነበር። የማድረቂያ ክፍሉ አየር ከመጠን በላይ ደርቆ የሥጋው ውጪ እንደ ቆዳ ጠነከረ፤ ውስጡ ያለው ውኃ መውጫ አጣ። ስትቆርጡት ዙሪያው ጥቁር፣ መሐሉ ለስላሳ ሆኖ ያገኛችሁት እርሱ ነው። የመለሳችሁልንን በሙሉ ጥለናል። ዘንድሮ ክፍሉን ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሙቀትና ከ70 እስከ 75 በመቶ እርጥበት ላይ እናቆየዋለን፤ ቀኑ ግን አያጥርም።

ቀኑን ስንቆጥር ደግሞ ከዐቢይ ጾም ጋር ገጠመ። 2 ሳምንት በጨው፣ 6 ሳምንት ተሰቅሎ፦ ጾሙ ሲያዝ ጨው ውስጥ የገባ ሥጋ ለፋሲካ ይወርዳል። ችግሩ ሠራተኞቻችን በሙሉ ጾመኞች መሆናቸው ነው፤ ደረሰ ወይስ አልደረሰም ብሎ የሚቀምስ የለም። ስለዚህ የሚቀምስልን ሚዛን ነው። በእያንዳንዱ ሥጋ ላይ ትንሽ ካርድ አለ፤ የገባበት ክብደትና በየቅዳሜው የተመዘነው ተጽፎበታል። ከመጀመሪያ ክብደቱ 38 በመቶ ሲጎድል እናወርደዋለን። ካርዱን ከሥጋው ጋር እንሰጣችኋለን፤ የከፈላችሁበትን ራሳችሁ አንብቡት። የፓርማ ሰዎችም ከዓመት በላይ ያቆዩትን የአሳማ ታፋ እየቆረጡ አይቀምሱም፤ ከፈረስ አጥንት የተሠራ ቀጭን መርፌ ወግተው ያሸታሉ። እኛ የአሳማ ሥጋ አንሸጥም፤ የሙያ ነገር ሲነሳ ግን ባርኔጣችንን እናነሳላቸዋለን።

ካርዱ ላይ «የቫልቴሊና» የሚል ቃል የለም ብላችሁ የጠየቃችሁን አላችሁ። የብሬዛኦላ አገር በሶንድሪዮ አውራጃ ያለው የቫልቴሊና ሸለቆ ነው፤ ከኮሞ ሐይቅ የሚነሣው ብሬቫ የተባለው ነፋስ ይደርሰዋል። ከ1996 ጀምሮ ስሙ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ሚላኖ ላይ የተሠራ ሥጋ ሊጠራበት አይችልም። ሕጉ የሚጠብቀው ግን የአሠራሩን ቦታ እንጂ የበሬውን አገር አይደለም፤ በስሙ ከሚሸጠው ብዙው የሚሠራው ከብራዚል ከሚመጣ ዜቡ፣ ማለትም እንደ አገራችን በሬ ሻኛ ካለው ከብት ነው።

ቤታችሁ ልትሞክሩ ለምትፈልጉ፦ 1 ኪሎ ተኩል ቀይ ሥጋ በ45 ግራም ጨው፣ በቁንዶ በርበሬ፣ በቅርንፉድና በጥድ ፍሬ አሽታችሁ በታሸገ ከረጢት ማቀዝቀዣ ውስጥ 2 ሳምንት አቆዩ፤ በየቀኑ ገልብጡት። ቦቱሊዝም የተባለውን ገዳይ የምግብ መመረዝ የሚከላከለውን፣ ናይትራይት ያለበትን የሥጋ ጨውም ጨምሩበት፤ ጥንካሬው ከአምራች አምራች ስለሚለያይ፣ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን መጠን እንጂ የጎረቤት ምክር አትከተሉ፤ እሽጉ ከተራ ጨው ጋር የተቀላቀለ መሆኑን ከገለጸም 45 ግራሙን በዚያው ቀንሱ። ከዚያ ሰቅላችሁ አድርቁት፤ 975 ግራም ሲደርስ ማውረድ ትችላላችሁ። አፓርታማችሁ ሞቃት ከሆነ ግን ይቅርባችሁ።

ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ሻጋታ ብታዩ አትደንግጡ፤ በኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ ይጠረጋል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ጠጉራም ከሆነ፣ ወይም ካሙለጨለጨና ከሸተተ አትብሉት፣ መልሱልን። ያልበሰለ ሥጋ ስለሆነ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ እህቶቻችን ለጊዜው ተዉት።

አበላሉ ቀላል ነው። የሥጋውን ክሮች በአግድም አቋርጣችሁ ወረቀት እስኪመስል በስሱ ቁረጡት፤ የወይራ ዘይትና ቁንዶ በርበሬ ይበቃዋል። ሎሚ ቀድሞ ከፈሰሰበት ሥጋውን ያጠወልገዋልና ገበታ ላይ ብቻ ይጨመር። በአዋዜ የበላችሁትን አንወቅስም፤ እኛም በልተናል። ፍርፍር ውስጥ የጨመራችሁት ግን፣ ሁለት ወር የጠበቅነው ሥጋ በሁለት ደቂቃ ሲቀቀል አንጀታችን ያራል። ለፍርፍሩ ቋንጣ አለን፤ ዋጋውም ይቀላል።

ትዕዛዝ የምንቀበለው እስከ ቅበላው ሳምንት ሐሙስ ድረስ ነው። ዋጋው የሚታሰበው በደረቀው ክብደት ሲሆን፣ ሲታዘዝ ሲሶው ይከፈላል። ቀዳም ሥዑር ከጠዋት ጀምሮ መጥታችሁ መውሰድ ትችላላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤቶችና ሠራተኞች
ሚላኖ