ልጆቻችንን አዲስ አበባ ከመላክ ነርሷን ወደ ሰፈር አምጡልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከኮምቦልቻ ነው፣ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ። ሰሞኑን ዕድራችን ቅሬ ላይም ቡና ላይም «ለልጆች የሚሆን የአእምሮ ሆስፒታል እዚሁ ወሎ ይሰራልን» የሚል ወሬ በዝቷል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመጣ ነው። እኔ ግን ገንዘብ ከተገኘ መጀመሪያ ወደ ሕንፃ መሄድ የለበትም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል።

አንድ ልጅ አእምሮው ሲታወክ እኛ ጋ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መጀመሪያ ይደበቃል። ከዚያ እንደየቤቱ ጠበል ወይም ዱዓ ይባላል፤ ወሎ አይደል፣ ሁለቱንም የምትሞክር እናት አለች፣ ማንም አይገረምባትም። እኔ ይህን አልነቅፍም። መድኃኒት አቁሙ እስካልተባለ ድረስ ለእናትየው ብርታት ነው። አልሻል ሲል ሐኪም ቤት፣ ከሐኪም ቤት ሪፈር፣ መጨረሻ ላይ «አዲስ አበባ ውሰጂው»። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው። የጤና መድህን ካርዱ የአውቶቡስ አይከፍል፣ የማደሪያ አይከፍል። ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ስሙ የልጆች መሰዳደቢያ ሆኗል። ግቢ ውስጥ ሲጣሉ «አማኑኤል ግባ!» ይባባላሉ። እዚያ ታክሞ የመጣ ልጅ ክፍል ሲመለስ ምን እንደሚጠብቀው አስቡት።

እሺ፣ ሆስፒታሉ ደሴ ቢሰራስ? መንገዱ ያጥራል፣ ይህ ቀላል አይደለም። ግን ልጅ አልጋ ያዘ ማለት እናት አብራ ያዘች ማለት ነው። አስታማሚ ያስፈልጋላ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ሳምንት ሁለት ሳምንት ስትጠፋ ደንበኞቿ ሌላ ቤት ይለምዳሉ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ጎረቤት ያበላቸዋል፣ የታመመው ልጅም ከትምህርቱ ይቀራል። ይባስ ብሎ፣ ልጁ እዚያ ተረጋግቶ የሚመለሰው ወደዚያው ቤትና ወደዚያው ክፍል ነው። ሲጮህ ምን ማድረግ እንዳለባት እናቱን ያሳያት የለም። እኔንም አስተማሪውን የነገረኝ የለም። ታዲያ ለውጡ በምን ይቆያል?

የሚጥል በሽታን ልውሰድ፤ እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚታከመው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፣ በየቀኑ ከተወሰደ ብዙ ልጆች እንደ ልባቸው ይማራሉ። ችግሩ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ነው። የሚጥለው ይመለሳል፣ አንዳንዴም ሳያቆም ተከታትሎ ይመጣና ለሕይወት ያሰጋል። ከገጠር ቀበሌ የምትመጣ እናት መድኃኒት ለመሙላት ብቻ በየጊዜው ከተማ ትመላለሳለች። መንገድ ሲዘጋ፣ ገንዘብ ሲያጥር፣ ወይም «ዛሬ አልቋል፣ ሌላ ቀን ነይ» ስትባል ልጁ ይወድቃል። ክፍሌ ውስጥ ሲወድቅ ልጆቹ ክብሪት ፍለጋ ይሯሯጣሉ፣ ጭሱን ሊያሸትቱት። በጎን አስተኝቶ፣ ጭንቅላቱ ስር ለስለስ ያለ ነገር አድርጎ፣ አፉ ውስጥ ምንም ሳይከቱ መጠበቅ እንደሚሻል ለመምህራን ለማስረዳት ግማሽ ቀን አይፈጅም። ይሄ ልጅ ሕንፃ ምን ያደርግለታል? የሚያስፈልገው የማያልቅ ክኒን ሰፈሩ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው።

ደሞ ጦርነቱ አለ። 2014 ላይ ደሴና ኮምቦልቻ የሆነውን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ከራያና ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉት ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰፍረው ነበር፣ ቆይቶ እኛም ሸሸን። ያኔ ሕፃን የነበሩት ዛሬ ተማሪዎቼ ናቸው። የቆርቆሮ በር በነፋስ ሲላተም ዴስክ ስር የሚገባ አለ። ትልቅ ልጅ ሆኖ ማታ የሚሸና አለ፣ እናቱ በጆሮዬ ነው የነገረችኝ። ምንም የማይናገርም አለ፣ ጎበዝ ጸጥተኛ ተማሪ እያልን የምናሞግሰው። አብዛኞቹ አልጋ አያስፈልጋቸውም። የተለመደ ውሎ፣ ጨዋታ፣ የማይደበድብ ትልቅ ሰው፣ እናትና አባትንም አስቀምጦ የሚያነጋግር ባለሙያ ይበቃቸዋል። ከነዚህ መሀል የባሰበትን ለይቶ ወደ ሐኪም የሚልክ ዓይን ደግሞ ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ ከ14 ዓመት ዕድሜ በፊት ይጀምራሉ ይላል። ያ ዕድሜ ደግሞ እኛ እጅ ላይ ያለ ዕድሜ ነው፣ ክፍል ውስጥ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የአእምሮ ጤና ነርስ በታወቀ ቀን ትምህርት ቤት ትምጣ። ለአንድ ትምህርት ቤት አንድ አላልኩም፣ ተቀራራቢ የሆኑት ይካፈሏት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደሴ የሳይካትሪ ትምህርት ክፍል አለው፤ ተማሪዎቹ ከነመምህራቸው ወደ ቀበሌ ቢወርዱ እነሱም ይማራሉ፣ እኛም እናገኛለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ጀምሮ ለክትባትና ለመፀዳጃ ቤት ደጃችንን አንኳኩተዋል። የታሰረ ልጅ የትኛው ቤት እንዳለ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አዎ፣ የታሰረ፤ ከምሰሶ ጋር። አንዳንድ ቤት እናት ሥራ ስትሄድ ሌላ አማራጭ አታገኝም።

«ይህ ሕልም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። በጉራጌ አካባቢ የኛው አገር ተመራማሪዎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አዋቂዎች በጤና ጣቢያ ሠራተኞች አሳክመው፣ በሳይካትሪ ነርስ ከታከሙት ጋር አወዳድረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ውጤት የጤና ጣቢያው ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። ስለ ልጆች ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በዘጠኝ ግዛቶች ተሞክሯል። ወደ ማቆያ ተቋም ሊገቡ የነበሩ ልጆችን ቤታቸው አስቀምጠው፣ ቤተሰቡን የሚያግዝ ቡድን መድበውላቸው፣ ወጪው ተቋም ውስጥ ለማስቀመጥ ከሚወጣው ሲሶ ገደማ ብቻ ሆነ። ዚምባብዌ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሰለጠኑ አያቶች ጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የተጨነቀ ሰው ያነጋግራሉ። እነሱ በዋናነት የሚያነጋግሩት አዋቂ ነው፣ ልጅ አይደለም። ግን እናቲቱ ስትቀል ልጇም ይቀለዋል። እኛ ጋ አያት ጠፋ? ቅሬው ውስጥ ስንት እመት አሉ፣ ሲናገሩ ሰፈሩ የሚሰማቸው።

ግን አንድ ነገር ያስፈራኛል፣ በግልጽ ልናገረው። «ማህበረሰብ አቀፍ» የሚባለው ነገር ሥራውን ሁሉ በነፃ እናት ላይ መጣያ እንዳይሆን። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1963 ሕግ አውጥተው ሕሙማንን ከትልልቅ ሆስፒታሎች ወደየሰፈራቸው እንመልሳለን አሉ። ሆስፒታሎቹ ባዶ ሆኑ፣ ሰፈር ውስጥ ሊሰሩ ከታቀዱት ማዕከላት ግን የተሰሩት ግማሽ ያህሉ ናቸው። ብዙ ሰው መንገድ ላይና እስር ቤት ቀረ። እኛ ጋ እንኳን መመለስ፣ ልጆቹ መጀመሪያውኑ ቤት ናቸው። ስለዚህ በጀት ሳይመደብ፣ ኤክስቴንሽኗ ላይ ሌላ ሥራ ጭኖ «ጀምረናል» ማለት አያዋጣም። እሷም ደመወዟ ይታወቃል።

ሆስፒታል ጨርሶ አይፈለግም እያልኩ አይደለም። ራሱን ሊያጠፋ የሞከረ ልጅ፣ መብላት መጠጣት ያቆመ፣ ራሱን ወይም ሰው የሚጎዳ፣ እሱ ዛሬውኑ ሐኪም ይየው፣ አልጋም ካስፈለገ ይያዝ። ከአዋቂ ሕሙማን ተለይቶ፣ እናቱ አጠገቡ ሆና፣ ለአጭር ጊዜ። ሲወጣም ሰፈር ውስጥ የሚቀበለው ባለሙያ ስሙን ይወቅ።

አሁን ከእናንተ የምፈልገው አለ። እዚህ ያለ ወላጅ ልጁን ዛሬ የት እንደሚያሳይ አያውቅም፤ ያለውም አገልግሎት በወሬ ነው የሚገኘው። የጤና ጽሕፈት ቤቶቻችንን ጠይቁና በጋዜጣችሁ አውጡልን፤ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በዙሪያው ወረዳዎች የትኛው ጤና ጣቢያ የልጆች የአእምሮ ጤና ያያል፣ በየትኛው ቀን፣ ፌኖባርቢታልስ አለ ወይ? ቆርጬ ትምህርት ቤታችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

መምህርት፣ ከኮምቦልቻ