ግራፊክስ ካርዱን ሥራ የሚያስፈታው ፕሮሰሰር

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ትርፍ የኮምፒዩተር ጉልበታቸውን በፈቃዳቸው ለሳይንስ ምርምር ማዋል ለሚሹ ወጣቶች በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የሰጣችሁትን ምክር በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩን ማንሳታችሁ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን «ስሌቱን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ የፈለገው ይሁን» የሚለው ሐሳብ (ግራፊክስ ካርድ ምስል ለማሳየት የተሠራና ብዙ ስሌት በአንዴ የሚሠራ የኮምፒዩተር ክፍል ነው፤ ፕሮሰሰር ደግሞ የኮምፒዩተሩ ዋና አንጎል) ሰውን ላላስፈላጊ ወጪ የሚዳርግ በመሆኑ፣ ጅማ ውስጥ ኮምፒዩተር በመጠገን የምተዳደርና በዚሁ የበጎ ፈቃድ ስሌት የምሳተፍ ሰው እንደመሆኔ እርማት ማቅረብ ይገባኛል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2000 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፎልዲንግ አት ሆም ፕሮቲኖች እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚንቀሳቀሱ የሚያሰላው በየቤቱ ባሉ ኮምፒዩተሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲዛመት ከየአገሩ የጎረፈው እገዛ ተደምሮ በሰከንድ ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን የሚበልጥ ስሌት ለመሥራት በቅቷል። ይህ ጉልበት በአብዛኛው የግራፊክስ ካርዶች መሆኑን አልክድም። ሆኖም ካርዱ ራሱን ችሎ አይሠራም። የፕሮቲኑ እንቅስቃሴ የሚሰላው በጥቂት ፌምቶ ሰከንድ (አንዱ ሰከንድ ለሚሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ሲካፈል) እርምጃ ስለሆነ፣ የአንድ ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) እንቅስቃሴ ለማየት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ እርምጃዎች ያስፈልጋሉ፤ ለካርዱ ትእዛዝ የሚያቀብለው፣ ውጤቱን እየተቀበለ ትክክለኛነቱን በየጊዜው የሚፈትሸውና ሥራው የደረሰበትን በዲስክ ላይ የሚያስቀምጠው ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው። በአካባቢያችን የእሸት ቡና መፈልፈያ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ መፈልፈያው የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን እሸቱን የሚያቀብሉት ሰዎች ከዘገዩ ባዶውን ይዞራል።

በቅርቡ ሁለት ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው የገዙትን ጥሩ ካርድ «ተበላሽቷል፣ ለሻጩ እንመልሰው» ብለው ይዘውልኝ መጡ። ካርዱ ምንም አልነበረበትም። የገጠሙት ሁለት ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) ብቻ ባለው አሮጌ የቢሮ ኮምፒዩተር ላይ ሲሆን፣ እርዳታው እንዲበዛ ብለው ሁለቱንም ኮሮች ሌላ ስሌት አሸክመዋቸው ነበር። የልባቸውን ቅንነት አደንቃለሁ፤ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነባቸው። የፕሮሰሰሩን ስሌት አቁሜ አንዱን ኮር ለካርዱ ስለቅለት፣ ከፍ ዝቅ ሲል የነበረው የካርዱ የሥራ መጠን እዚያው ፊታቸው ተረጋጋ። አንድም ብር አላወጡም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ለእያንዳንዱ ካርድ አንድ ኮር ነፃ ይተው የሚል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ልጥቀስ። ኤንቪዲያ በተባለው ኩባንያ ካርዶች ላይ ፕሮግራሙ ካርዱ ጨርሶ እንደሆነ ያለማቋረጥ ስለሚጠይቅ፣ ያ ኮር መቶ በመቶ የተያዘ መስሎ ይታያል። ይህን አይቶ ኮሩ በከንቱ ባከነ ብሎ ሌላ ሥራ የሚደርብበት ሰው ካርዱን ያስጠብቀዋል። አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ስምንት መስሎ በሚታይበት ጊዜም፣ ሁለቱ የአንድ ኮር መስመሮች የሚጋሩት አንድ ጉልበት መሆኑ አይዘንጋ።

ሁለተኛው ነገር የኮር ብዛትና የኮር ፍጥነት መለያየታቸው ነው። አንድን ካርድ የሚያገለግለው በዋናነት አንድ ኮር ስለሆነ፣ ብዙ ግን ዝግተኛ ኮሮች ያሉት አሮጌ የሰርቨር ፕሮሰሰር፣ ጥቂት ግን ፈጣን ኮሮች ካሉት አዲስ ፕሮሰሰር ያነሰ ሊጠቅም ይችላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ እኩል አይደለም። የአቶሞቹ ቁጥር አነስተኛ በሆነበት ሥራ ካርዱ እያንዳንዱን እርምጃ ቶሎ ጨርሶ ትእዛዝ ስለሚጠብቅ የፕሮሰሰሩ ዝግታ ጎልቶ ይታያል፤ ሥራው ግዙፍ ሲሆን ግን እምብዛም አይታወቅም። በዚሁ ምክንያት ዝግተኛ ፕሮሰሰር ከደካማ ካርድ ይልቅ ኃይለኛ ካርድን ይጎዳል፤ ውድ ካርድ የገዛ ሰው የበለጠ ይከስራል ማለት ነው። አይንስታይን አት ሆም በተባለው ሌላ የበጎ ፈቃድ ስሌትም ካርዱ የሠራውን ሥራ መጨረሻ ላይ ፕሮሰሰሩ የሚያጠናቅቅበት የስሌት ዓይነት ስላለ፣ በዚያች ሰዓት ካርዱ ሥራ ይፈታል።

መዘግየቱ የባለቤቱ ጉዳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። በፎልዲንግ አት ሆም የአንድ ሥራ ውጤት የቀጣዩ ሥራ መነሻ በመሆኑ፣ አንዱ እስካልተመለሰ ድረስ ተከታዩ አይጀመርም፤ ቶሎ ለሚመልስ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጠውም ለዚህ ነው። አንድ ሰው በዘገየ ቁጥር ከእሱ በኋላ ያለው ሰንሰለት በሙሉ ይጠብቃል።

በመሆኑም በዓምዳችሁ የግራፊክስ ካርድ ዋጋ በምታወጡበት ጊዜ፣ አብሮት ሊሄድ የሚችለውን ፕሮሰሰርና የአንዱን ኮር ፍጥነት ከጎኑ እንድታሰፍሩልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከጅማ