ለጤና ቢሮው ኃላፊ፦ የእናቴን ቱቦ የሚያጥብ ሰው ጠፍቶ ነው?

ክቡር ኃላፊ፣ ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ። ከዚህ በፊት በጻፍኳቸው ሦስት ደብዳቤዎች በደንብ ሰላም ብዬዎታለሁ። ሁለቱ መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ተሰጥቷቸዋል፤ አንዱን ሆስፒታሉ በር ላይ ያለው የአስተያየት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። የሣጥኑ ቁልፍ ዝጓል። ስለዚህ ይሄኛውን ሰው ሁሉ ያንብበው።

እናቴ የአንጀት ካንሰር ታማሚ ናት። ቤታችን ከጣርማበር ዝቅ ብሎ ነው፣ ኬሞውን የምትወስደው አዲስ አበባ። መጀመሪያ በእጇ ጀርባ ባሉት ደም ሥሮች ነበር የሚሰጧት። ከአራተኛው ዙር በኋላ ደም ሥሮቿ ደረቁ፣ ጠቆሩ፤ ሲስተሮቹ አምስት ስድስት ቦታ እየወጉ ማግኘት አቃታቸው። ታኅሣሥ ላይ ፒክ ላይን የሚሉትን አስገቡላት። ከክንዷ ላይኛው ክፍል ገብቶ፣ በደም ሥር ውስጥ ሄዶ፣ ልብ አጠገብ የሚደርስ ቀጭን ረጅም ቱቦ ነው። ጫፉ ቦታው መድረሱን በራጅ አይተው ለቀቋት። በደንብ ከተያዘ ወራት ይቆያል። እማዬ ከመርፌ ተገላገልኩ ብላ እልል ማለት ነበር የቀራት።

ቱቦው ብዙ አይጠይቅም። በሳምንት አንዴ፣ መድኃኒት ባይሰጥበትም፣ ኖርማል ሳላይን በሚሉት ጨው ውኃ መታጠብ፣ ፕላስተሩም በንጽሕና መቀየር አለበት። ካልታጠበ ውስጡ ደም ይረጋና ይደፈናል። ንጽሕናው ከተጓደለ ኢንፌክሽኑ ቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባው። ማጠቢያው ደግሞ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ነው፤ የትንሹ ስሪንጅ ግፊት ስለሚበረታ ቱቦውን ሊሰነጥቀው ይችላል። ይሄን ሁሉ ያወቅኩት ሐኪም ሆኜ አይደለም። የአዲስ አበባዋ ሲስተር አንድ ገጽ ላይ ጽፋ ሰጥታን ነው። «አካባቢያችሁ ያለው ሆስፒታል ያጥብላችኋል» ብላ ሸኘችን። የዋህ ናት።

አካባቢያችን ያለውን ሆስፒታል ስሙን እዚህ አልጠራም፣ ደብዳቤዎቼ ላይ አለ። ካርድ ክፍል «ምን ልትታከም ነው?» ሲሉኝ «ካቴተር ለማሳጠብ» አልኩ፤ ቱቦውን ማለቴ ነው። የሽንት መስሏቸው ሌላ ክፍል ላኩን፤ እዚያ አንድ ሰዓት ተሰለፍን። ወረፋችን ደርሶ እናቴ ነጠላዋን ገልጣ ክንዷን ስታሳይ ነርሷ «ውይ፣ ይሄማ የእኛ አይደለም፤ ያስገባው ያጥበው» አለች። እኛ ስንከራከር ሌላው መጣና የደም ግፊት መለኪያውን እዚያው ክንድ ላይ ጠቀለለው። ወረቀቱ ላይ «በዚህ ክንድ ግፊት አይለካም» ተብሎ በቀይ ተጽፏል። ጮህኩ። ረባሽ ተባልኩ።

ያስገባው ያጥበው! ያስገባው እኮ ያለው አዲስ አበባ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስተን፣ በጣርማበር ጉም ውስጥ ተደናብረን፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈን፣ ደብረ ብርሃን ላይ እማዬ በጋቢ ተጠቅልላም እየተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ገና ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይቀረናል። ለግማሽ ሰዓት ሥራ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ተመላለስን፣ በጎቻችንን ሸጥን። በአራተኛው የሚሸጥም አልነበረም፣ እሷም አቅም አጣች። ቀረን።

ቱቦው ተደፈነ። ተመልሰን እዚያው ሆስፒታል ለመንን። አንዲት ልጅ አዝናልን፣ እጇ ላይ ያለውን 2 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ አምጥታ ገፋችው። ተሰነጠቀ። ልጅቷን አልወቅስም፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ሊረዳን የሞከረ ሰው እሷ ብቻ ናት። ግን ማን አሠለጠናት? ትክክለኛውን ስሪንጅስ ማን ሰጣት?

ከስንጥቁ በላይ ቆንጥጠው ይዘው፣ በፋሻ ጠቅልለው «ሄዳችሁ አስቀይሩ» አሉን። ለማስቀየር ሪፈር ያስፈልጋል፣ ያለ ሪፈር የጤና መድኑ አይሸፍንማ። ሪፈሩን የሚፈርሙት ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱም ስብሰባ። 11 ቀን! ልብ አጠገብ የሚደርስ የተሰነጠቀ ቱቦ በፋሻ ታስሮ 11 ቀን ተቀመጠ። የመድን መዋጮ የሚሰበሰብ ቀን ማንም ስብሰባ ላይ ሆኖ አያውቅም፣ እሱን ልብ ይበሉልኝ።

የኬሞ ቀጠሮዋ አለፈ። አዲስ አበባ ስንደርስ ትኩሳት ጀምሯታል። ኢንፌክሽን ባይኖር በአሮጌው ውስጥ ሽቦ አሳልፈው እዚያው ቦታ ሊቀይሩት ይችሉ ነበር። አሁን ግን አሮጌውን አውጥተው፣ አንቲባዮቲክ ሰጥተው፣ ትኩሳቱ እስኪለቃት ጠብቀው፣ አዲሱን በግራ ክንዷ በአልትራሳውንድ እያዩ አስገቡት። ሐኪሙ «ደም ሥር እየጠበበ ስለሚሄድ እንደ ልብ አንቀያይርም» ብሎናል። እናቴ ያላት ሁለት ክንድ ነው ክቡር ኃላፊ። አንዱን ጨርሳችሁላታል።

መመሪያውን ከእኔ በላይ ያውቁታል። የዜጎች ቻርተሩም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ በመስታወት ውስጥ፣ ከቱቦው በተሻለ ንጽሕና ተይዞ። የምጠይቀው ቱቦውን እዚህ አስገቡልን አይደለም። ሁለት ነርሶች ልካችሁ እጥበቱንና ፕላስተር አቀያየሩን ይማሩ። በዚህ ዞን እንዲህ ያለ ቱቦ ይዞ የሚንከራተተው የእኔ እናት ብቻ አትመስለኝም።

አዲሱ የገባው ባለፈው ሐሙስ ነው፤ የሚታጠበው የፊታችን ሐሙስ። ጠዋት 2 ሰዓት ካርድ ክፍሉ በር ላይ እንገኛለን። ስሪንጁን፣ ጨው ውኃውን፣ ፕላስተሩን ራሳችን ገዝተን እናመጣለን። እናንተ እጁን የታጠበ አንድ ሰው አዘጋጁልን።