አልቀምስም ያለችው እንግዳ

ውድ ወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? የመጨረሻው ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። መልሱን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ትቼዋለሁ። በዘገየሁ ቁጥር የይቅርታው አንቀጽ እየረዘመ ሄዶ ከእሱ አልፌ ወደ ወሬው መግባት አቃተኝ። ዛሬ ግን ባጭሩ፦ ይቅር በለኝ። አሁን ወደ ወሬው።

ቤቴ ውስጥ እባብ አለ።

ደብዳቤውን እንዳትወረውረው! የውሃ ጎማ አይተህ አጥር የዘለልክበትን ቀን መቼም አልረሳውም፤ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እያልን ስንት ዓመት ሳቅንብህ። ይህቺ ግን መርዝ የላትም። «ኮርን ስኔክ» ይሏታል፤ የዘሯ አገር የአሜሪካ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ልጄ አንድ ዓመት ሙሉ ሲለምነኝ ቆይቶ በመጨረሻ ተሸነፍኩ። ስትመጣ ከእንቁላሏ ከወጣች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር፤ ውፍረቷ እንደ እርሳስ፣ ክብደቷ 6 ግራም። ስንገዛት አንድ ነገር ብቻ ሳልጠይቅ ቀረሁ፦ እስካሁን ስንት ጊዜ በልታለች? መልሱ «አንድም ጊዜ» እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው።

ምግቧ ገና ፀጉር ያላበቀለ የአይጥ ልጅ ነው። በረዶ ሆኖ ይሸጣል፤ በለብታ ውሃ ትፈታውና ሞቅ እንዳለ ትሰጣታለህ። (ማዕድ ላይ ከሆንክ ይህን አንቀጽ ዝለለው።) እኔም በረጅም ወረንጦ ይዤ አፏ ሥር አወዛወዝኩላት። ጅራቷን እያንቀጠቀጠች ወደ ኋላ ሸሸች። በማግሥቱም ሞከርኩ፣ በሦስተኛውም ቀን፤ በመካከሉ ደግሞ «ትልመደን» እያልን በየሰዓቱ ከሣጥኗ እያወጣን እንይዛታለን። አስበው እንግዲህ፤ በእሷ ዓይን እኔ ጣሪያ እየከፈተ የሚመጣ፣ ሬሳ ፊቷ ላይ የሚያወዛውዝ ግዙፍ አውሬ ነኝ። ማን ይበላል?

በሁለተኛው ሳምንት እባብ በማርባት ብዙ ዓመት የቆየ አንድ ሰው አገኘሁ። ስለ ምግቡ የጠየቀኝ ነገር የለም። «ሙቀቱ ስንት ነው?» አለኝ። ክፍሉ ሞቃት ነው ብለው ሳቀ። ለካ እባብ ሙቀቷን የምታገኘው ከውጭ ነው፤ ሰውነቷ ካልሞቀ ሆዷ አይፈጭም፣ ያልተፈጨው ደግሞ ውስጧ ይበሰብሳል ወይም ትተፋዋለች። ስለዚህ ሲበርዳት አለመብላቷ ብልህነት ነው። ቴርሞሜትር ገዝቼ ብለካው 23 ዲግሪ! ከሣጥኑ አንድ ጫፍ ሥር ማሞቂያ አድርጌ፣ እንዳያቃጥላት በቴርሞስታት (ሙቀት መቆጣጠሪያ) 29 ላይ ገደብኩት። ሌላውን ጫፍ ቀዝቀዝ እንዳለ ተውኩት፤ የምትሻውን ራሷ ትመርጣለች።

ቀጥሎ ያ ያማረ ሰፊ የመስታወት ሣጥን ተሻረ። ለእኛ ዓይን ያማረው ለእሷ መሸሸጊያ የሌለው ሜዳ ነበር። የጫማ ካርቶን በምታክል የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ የተጨማደደ ወረቀት ሞልቼ አስገባኋት። ከዚያ የመጣው ትእዛዝ ከሁሉም ከበደኝ፦ ውሃዋን ከመቀየር በቀር ለአንድ ሳምንት አትንኳት፣ አትዩአት። ልጄ ቻለው፤ እኔ ነኝ ሌሊት እየተነሣሁ በጆሮዬ ክዳኑን የማዳምጥ። እባብ ምን ድምፅ ሊኖራት!

በዚህ መካከል ሌላ መካሪ «በግድ አጉርሳት» አለኝ። ወረንጦውንም አንሥቼ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጋ ሄድኩ። ይህችን የምታህል እባብ መንጋጋዋ በቀላሉ ይጎዳል፤ ያ ድንጋጤ ራሱ የባሰ ምግብ ሊያስጠላት ይችላል፤ የመጨረሻ አማራጭ ነው፣ እሱም በሚያውቅ እጅ ብቻ አለኝ። ጤነኛ ከሆነች ሳትበላ ሳምንታት ትቆያለች፤ ስትፈለፈል ሆዷ ውስጥ የአስኳል ስንቅ ይዛ ነው የምትወጣው። መፍራት ያለብኝ ክብደቷ ሲወርድና ጀርባዋ ላይ አጥንቷ ሲወጣ ነው። ስትመዘን ብዙም አልቀነሰችም። ወረንጦውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ቀጥሎ የሽታው ጉዳይ መጣ፤ ይህን ትወደዋለህ። በዱር ያሉት የእሷ እኩዮች በአብዛኛው እንሽላሊትና ትንንሽ እንቁራሪት ነው የሚያድኑት። ምላሷን እያወጣች የምታስገባው አየሩን ለመቅመስ ነው፤ የምትቀምሰውን የአይጥ ሽታ ግን ከቁም ነገር አልጣፈችውም። ያ እባብ አርቢ ከቤት እንሽላሊቱ የወለቀ ቁራጭ ቅርፊት ሰጠኝ። የአይጡን ልጅ በለብታ ውሃ አጥቤ በቅርፊቱ አሸሁት። ከዚያ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ባለ ክዳን ዕቃ ውስጥ እሷንና የአይጡን ልጅ አኑሬ፣ ዕቃውን ሞቅ ባለው ጫፍ አስቀምጬ፣ መብራት አጥፍቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ምንም። አምስት ቀን ጠብቄ ደገምኩት። ጠዋት ክዳኑን ስከፍት አይጡ የለም! ከወገቧ ከፍ ብሎ ደግሞ እንደ ባቄላ የሚያክል እብጠት። ልጄን ቀሰቀስኩትና በሌሊት ልብሳችን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ስናያት ቆየን። ሳንነካት፤ ከበላች በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ከተነካካች ልትተፋው ትችላለችና።

አሁን አምስተኛዋን በልታለች። የቅርፊቱን ሽታ በየጊዜው እየቀነስኩ፣ ባለፈው ያለ ምንም ሽታ ተቀበለችኝ፤ ክብደቷም 9 ግራም ገብቷል። ዛሬ ደግሞ የመመገቢያዋ ቀን ስለሆነ በሩን ዘግቼባት ወደዚህ ክፍል መጥቻለሁ። እጄ ክዳኑን እንዳይከፍት ሥራ መስጠት ነበረብኝና ወረቀት አነሣሁ። እውነቱ ይህ ነው፤ ቅር አይበልህ።

እናትህ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸውን ተሻላቸው? ስትመጣ እባቧ ያለችበትን ክፍል እቆልፍልሃለሁ።

ያው ወዳጅህ