ጉዳዩ፦ ራሳችሁ «አስቀይር» ባላችሁኝ ባትሪ ሰበብ የኤሌክትሪክ መኪናዬን ዋስትና ስለመከልከላችሁ

ለሰርቪስ ክፍል ኃላፊና ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። የመኪናዋን ዓይነት፣ የሻንሲ ቁጥሯንና የተገዛችበትን ቀን እዚህ አልዘረዝርም። ፋይሉ እናንተ ጋ ነው። በመጣሁ ቁጥር ከሀ ጀምሬ ስናገር ከርሜያለሁና አሁን እናንተ ገልጣችሁ አንብቡት። የምጽፈው ስለ ሐሙስ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት የሰርቪስ ኃላፊያችሁ ራሱ ደወለልኝ። «የባትሪ ማቀዝቀዣ ፓምፑ መጥቷል፣ ማታውኑ እንገጥመዋለን፣ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ መጥተህ ነድተህ ትሄዳለህ» አለኝ። እኔ ደውዬ አልጨቀጨቅኩትም፣ እሱ ነው የደወለው። ቃሉን አምኜ ለዓርብ ሥራ ተቀበልኩ፣ ከወንድሜ የተዋስኩትን መኪና መለስኩ፣ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ግቢያችሁ ደረስኩ።

መኪናዬ አጥር ሥር፣ ሜዳ ላይ ቆማለች። የፊት ፓራውልቷ ወልቆ መሬት ላይ ተጋድሟል፣ ኮፈኗ ክፍት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ነው ያደረው። ብርቱካንማው የከፍተኛ ቮልቴጅ ገመድ ተነቅሎ አፉ ላይ ፌስታል ታስሮበታል፣ ፌስታሉ ውስጥ ውኃ አቁሯል። እኔ ኤሌክትሪሺያን አይደለሁም። ግን ብርቱካንማ ገመድ እንደማይነካ፣ በዚያ መስመር የሚያልፈው በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ሰው እንደሚገድል መኪናዋን ስትሸጡልኝ የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ። ታዲያ ያንን ገመድ በፌስታል ጠቅልሎ ዝናብ ላይ ያሳደረው ማን ነው? ለእሱስ ማን ነገረው?

እንግዳ መቀበያ ያለችው ልጅ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው አለችኝ። ጠበቅኩ። ስብሰባው እስከ ምሳ ሰዓት አላለቀም። በመጨረሻ ለምሳ ሲወጣ በር ላይ አገኘሁትና ስለ ፓምፑ ጠየቅኩት። እየሄደ ነው የመለሰልኝ። «እሱ ለሌላ ደንበኛ ሆነ። ያንተዋ ደግሞ ዋራንቲዋ ወድቋል፣ ውጭ ጋራዥ ነክቷታል» አለ። እንግዲህ ረቡዕ የተገኘው ፓምፕ ሐሙስ የሌላ ሰው ሆነ፣ ረቡዕ የነበረው ዋስትናም ሐሙስ ጠፋ ማለት ነው።

ተነካ የተባለው ምን እንደሆነ ሥራ አስኪያጁ ላያውቁ ስለሚችሉ ልንገራቸው። ባለ12 ቮልቷ ትንሿ ባትሪ ናት። የኤሌክትሪክ መኪና ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ትንሿ ከሞተች ኮምፒውተሩ አይነሳም፣ መኪናው አይንቀሳቀስም። እኔም የደረሰብኝ ይኸው ነበር። መንገድ ዳር ቆሜ ደወልኩላችሁ። ቴክኒሻናችሁ «ስቶክ የለንም፣ ልኩን ገዝተህ አስቀይር፣ ችግር የለውም» ብሎ በቴሌግራም ድምፅ ላከልኝ። ድምፁ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። እንዳለኝ ከሱማሌ ተራ ልኩን በደረሰኝ ገዝቼ አስቀየርኩ። ይህንን ድምፅ ለኃላፊው ላሰማው ስልኬን ሳወጣ ማየትም አልፈለገም።

«እሱ ልጅ ሥራ ለቋል፣ እሱ ያለውን እኛ አናውቅም» አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሌሎች ደንበኞች ቆመው እየሰሙ «ኤሌክትሪክ መኪና ግዛ ብሎ ያስገደደህ የለም» አለ።

ይህ ንግግር ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያ በኋላ አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ምን እንደሚገዛ ኃላፊው ጠፍቶት ነው? እናንተስ የምትሸጡት በዚሁ ምክንያት አይደለም? ለባትሪና ለሞተር የ8 ዓመት ዋስትና አለ ብላችሁ፣ መለዋወጫው ከቻይና በቀጥታ ይመጣል ብላችሁ፣ ቡና አፍልታችሁ ነው ያስፈረማችሁኝ። እኔም አምኜ የባንክ ብድር ወስጄ ገባሁበት። ወሩ ሲደርስ ባንኩ «ፓምፑ አልመጣም» ብለው አይሰማኝም።

ዋስትናው ወድቋል ላላችሁትም መልስ አለኝ። የማቀዝቀዣው ማስጠንቀቂያ የበራው ትንሿ ባትሪ ከመቀየሯ በፊት ነው። ከአዳማ ስመለስ፣ የፈጣን መንገዱን ዳገት በሙቀት እየወጣሁ ሳለ ቢጫ መብራት በራ። ወዲያው የኤሊዋ ምልክት መጣችና መኪናዋ ጉልበቷን ቀነሰች፣ ከባድ መኪና ሁሉ እየቀደመኝ እንደምንም ደረስኩ። በማግስቱ አመጣኋት፣ «የባትሪ ማቀዝቀዣ ፓምፕ አይሠራም» ብላችሁ በራሳችሁ የሥራ ካርድ ላይ ጻፋችሁ፣ ማኅተማችሁም አለበት። የባትሪው ደረሰኝ ቀን ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ቀኑን አንብቡ። በኋላ የተገዛ ባትሪ ቀድሞ የተበላሸን ፓምፕ እንዴት አድርጎ ነው የሚያበላሸው?

ፓምፑ ቀላል ዕቃ ነው ብላችሁ እንዳታልፉትም። ትልቁን ባትሪ የሚያቀዘቅዘውን ፈሳሽ (ኩላንት) የሚያዞረው እሱ ነው። ባትሪ በሙቀት ሲሠራ ዕድሜው ያጥራል፣ ፈጣን ቻርጅም በአግባቡ አይቀበልም። ከመኪናዋ ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ባትሪው ነው። ያንን ማስጠንቀቂያ አይታችሁ «እስኪመጣ ቀስ እያልክ ንዳት» ብላችሁ መልሳችሁኛል። በዚህ ምክንያት ባትሪዋ ላይ ጉዳት ደርሶ ከሆነ ኃላፊነቱ የእናንተ ነው።

አሁን ስጽፍ ዝም ብዬ ያለፍኳቸውም ትዝ እያሉኝ ነው። ባለፈው ሰርቪስ የሰጣችሁኝን ደረሰኝ ተመልከቱ፤ «የሞተር ዘይት» እና «የዘይት ፊልትሮ» ተብሎ ገንዘብ ተቆርጦብኛል። ይህች መኪና ዘይት የሚቀየርለት የነዳጅ ሞተር የላትም! የማርሹ ዘይት ነው እንዳትሉኝ፣ ደረሰኙ የሚለው «የሞተር ዘይት» ነው። የፍሬን ዘይቷን አይታችኋል? የካቢን ፊልትሮዋንስ? በደረሰኙ ላይ አንዱም የለም። ያልተሠራውን አስከፍላችሁ መሠራት የነበረበትን ትታችሁታል።

ስክሪኑም እስካሁን ቻይንኛ ነው። «በሳምንት ውስጥ ወደ እንግሊዝኛ እንቀይረዋለን» ያላችሁት ስረከብ ነበር። ያን ቀን ዳገቱ ላይ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ምን እንደሚል ለማወቅ መኪናዋን ዳር አቁሜ በስልኬ ፎቶ አንስቼ አስተረጎምኩ። አደገኛ ነገር ቢሆን ኖሮስ? የቤት ቻርጀሩን የገጠመው ሰውም ግራውንድ (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደውን ገመድ) ሳይዘረጋ ነው የሄደው። ቻርጀሩ ቀይ እያበራ አልሞላም ሲል ደውዬ ብጠይቅ «የሰፈራችሁ መብራት ደካማ ነው» ተባልኩ። የራሴን ኤሌክትሪሺያን አምጥቼ፣ ዘንግ አስቀብሬ፣ የግራውንድ ገመድ ካስዘረጋሁ በኋላ ያው ቻርጀር በዚያው መብራት ሠራ። ሕፃናት ባሉበት ግቢ ውስጥ ግራውንድ የሌለው ቻርጀር ገጥሞ መሄድ ምን ዓይነት ሥራ ነው? ያወጣሁትን ወጪ ያን ጊዜ አልጠየቅኳችሁም። አሁን እጠይቃለሁ።

ስለዚህ የምፈልገውን ልንገራችሁ። ዋስትናዬ እንዳልወደቀ፣ የሥራ ካርዱን ጠቅሳችሁ፣ ፈርማችሁና ማኅተም አድርጋችሁ በጽሑፍ ስጡኝ። ፓምፑ የሚገጠምበትን ቀንም እዚያው ላይ ጻፉት፤ እስከዚያ የምሠራበት ተለዋጭ መኪና አዘጋጁልኝ፣ ካልሆነ የቆምኩበትን ገቢ ክፈሉኝ። ዝናብ ያደረበት ገመድና ማገናኛው በመሣሪያ ተለክቶ፣ ኢንሱሌሽኑ (ኤሌክትሪክ እንዳያፈተልክ የሚከላከለው ሽፋን) ደህና መሆኑ ከነውጤቱ በወረቀት ሳይሰጠኝ መኪናዋን አልረከብም። «አይተነዋል፣ ደህና ነው» የሚለውን አልቀበልም። ያለአግባብ የተቆረጠው የዘይት ገንዘብና የግራውንዱ ወጪ ይመለስልኝ።

ኃላፊው ደግሞ ይቅርታ ይጠይቀኝ። በሰው ፊት እንደተናገረኝ በሰው ፊት ይጠይቀኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች በትህትናና በአክብሮት የመስተናገድ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብትም ሰጥቶታል። ይህን የምጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። ግን በዚህ ሳምንት የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ የቴሌግራሙን ድምፅ፣ የሥራ ካርዱን፣ ደረሰኞቹንና ሐሙስ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ይዤ ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር እሄዳለሁ። እዚያም ካልሆነ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ። ያን ጊዜ የምጠይቀው ፓምፕ አይሆንም፤ መኪናችሁን ወስዳችሁ ገንዘቤን እንድትመልሱልኝ ነው።

በስልክ እንዳትደውሉልኝ። የስልክ ቃላችሁን ረቡዕ ሰምቼዋለሁ። መልሱን በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ የሥራ አስኪያጁ ፊርማ ያለበትን፣ በፋይሉ ላይ ባለው አድራሻዬ ላኩልኝ። ይህን እስክታደርጉ ድረስ ቢያንስ ዛሬውኑ መኪናዋን ከዝናብ አንስታችሁ ጣሪያ ሥር አስገቡልኝ።

ከአክብሮት ጋር
የመኪናዋ ባለቤት