ተራ ያልደረሰው በያጅ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በያጅ ነኝ። የራሴ ወርክሾፕ አለኝ፤ ከሙያ ማሠልጠኛ ለልምምድ የሚላኩ ልጆችንም እቀበላለሁ። በቅርቡ የመጣው ልጅ ንድፈ ሐሳቡ ላይ አይታማም። ስለ አምፔር፣ ማለትም ስለ ኤሌክትሪኩ ፍሰት መጠን፣ ስጠይቀው ዘረገፈልኝ። ኤሌክትሮድ፣ ማለትም እየቀለጠ ብረቱን የሚያያይዘውን ዘንግ፣ ሳስይዘው ግን እጁ ተንቀጠቀጠ። ጫፉ ብረቱ ላይ ተጣበቀና ደንግጦ ለቀቀው። «እስካሁን ስንት ጊዜ በየድክ?» አልኩት። «ማሽኑ አንድ ነው፣ ተራ አይደርሰንም» አለኝ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ብየዳ የእጅ ነገር ነው። በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል ያለው ክፍተት በግምት የኤሌክትሮዱን ውፍረት ያህል መሆን አለበት። ኤሌክትሮዱ ደግሞ እየነደደ ያጥራል፤ እጅ አብሮት ዝቅ ማለት አለበት። ክፍተቱ ሲሰፋ ፍንጥርጣሪ ይበዛል፣ ሲጠብ ይጣበቃል። ይህ በደብተር አይለመድም። ጆሮም ራሱ ይማራል፤ ደህና ብየዳ ድምፁ ያስታውቃል።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1969 የሙያ ሥልጠና ሕግ አውጥተዋል። በእነሱ አሠራር ሠልጣኙ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፤ አብዛኛውን ጊዜውን ሥራ ቦታ ያሳልፋል፣ አበልም ያገኛል። ሁሉንም እንቅዳ አልልም፤ ሠልጣኝ የሚቀበል ድርጅት በሌለበት አይሠራም።

በእኛ አገር የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከላት በየክልሉ መከፈታቸው ደግ ነው። ግን ሕንፃው ሲታቀድ የኤሌክትሮዱና የመለማመጃ ቁርጥራጭ ብረቱ በጀትም አብሮ ይታሰብ። አሠልጣኞችም በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት ወርክሾፕ ቢውሉ ምን አለበት? የእኔ በር ክፍት ነው። የብየዳ ጭምብል ግን ይዘው ይምጡ፤ ያለኝ ሁለት ብቻ ነው።

አንድ በያጅ