ናፍጣ ሲያልቅ ወደ ፍሎራይድ ውሃ መመለስ ይብቃ፦ ለኦሮሚያ ክልል ውሃና ኢነርጂ ቢሮ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኦሮሚያ ክልል ውሃና ኢነርጂ ቢሮ
ፊንፊኔ

ጉዳዩ፦ ፍሎራይድ በሚበዛባቸው የስምጥ ሸለቆ ወረዳዎች ያሉ የውሃ ፓምፖችን የኃይል ወጪ ይመለከታል

ከወንጂ እስከ ዝዋይና ሻላ ሐይቆች ዙሪያ ባለው የስምጥ ሸለቆ ክፍል ውሃ መገኘቱ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ ቢሮው ከማንም በላይ ያውቃል። የአካባቢው የእሳተ ገሞራ ዐለት ፍሎራይድ የተባለውን፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳ ንጥረ ነገር ወደ ከርሰ ምድር ውሃው ስለሚለቅ፣ የአገራችን የመጠጥ ውሃ ደረጃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ እየደነገገ፣ እዚህ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ አይሸትም። ክሎሪን አይረዳውም፤ ሲፈላም ውሃው ተንኖ ፍሎራይዱ ስለሚቀር ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ጉዳቱ አስቀድሞ የሚያርፈው ቋሚ ጥርሳቸው ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ባሉ ሕፃናት ላይ ሲሆን፣ አንዴ የበለዘ ጥርስ በኋላ በሚመጣ ንጹህ ውሃ አይነጣም። ለብዙ ዓመታት በጠጡት ላይ ደግሞ ወደ አጥንት ይዘልቃል፤ አንገታቸውንና ወገባቸውን እንደ ልብ ማዞር የተሳናቸው አዛውንቶች በወንጂ አካባቢ በሐኪሞች ጥናት ጭምር የታወቁ ናቸው።

በአጥንት ከሰልም ሆነ አሉም በተባለ ኬሚካልና በኖራ ፍሎራይዱን የማጣራት ሥራ በየቦታው ተሞክሯል። ነገር ግን ማጣሪያው በየጊዜው መታደስ፣ ኬሚካሉም በየዕለቱ በልክ መጨመር ስላለበት፣ አቅርቦቱ የተቋረጠ ዕለት ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ፍሎራይዱ ዝቅተኛ የሆነ ውሃ ከሩቅ በፓምፕና በቧንቧ ወደ ብዙ ቀበሌዎች ማድረስ የተሻለው መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅሬታዬ ከዚያ በኋላ ስላለው ነው። ዋናው የኤሌክትሪክ መስመር ያልደረሰላቸው ፓምፖች በናፍጣ ጀኔሬተር ይሠራሉ፤ ናፍጣው ሲያልቅ ወይም ሲወደድ ቦኖው ይዘጋል። ቦኖው ተዘግቶ ያገኘች እናት ጀሪካኗን ባዶውን ይዛ አትመለስም፤ ቀድሞ ትቀዳበት ወደነበረው የእጅ ፓምፕ ትሄዳለች። በሪፖርት ላይ ግን ያች ቀበሌ ንጹህ ውሃ ያገኘች ተብላ መቆጠሯ አይቀርም።

የሚገርመው፣ እኛ ከኃይል ማመንጫ ጋር የምንጎራበት ሕዝብ ነን። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ያመነጫል፤ የአዳማ የነፋስ ተርባይኖች ከሩቅ ይታዩናል፤ የአሉቶ ላንጋኖ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫም የተተከለው በዚሁ ምድር ነው። ይህ ሁሉ ሳለ፣ የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ እየተቀነሰ በመምጣቱና የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲጨምር በመደረጉ፣ ወጪው ከጀሪካን ሳንቲም በሚሰበስበው የውሃ ኮሚቴ ላይ ወድቋል። ኮሚቴው ዋጋ ቢጨምር ደኻው ወደ ፍሎራይዱ ጉድጓድ ይመለሳል፤ ባይጨምር ፓምፑ ይቆማል።

ስለሆነም ቢሮው የፀሐይ ኃይል ፓምፕ የሚተከልባቸውን ቦታዎች ሲመርጥ፣ አማራጫቸው ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው ጉድጓድ ብቻ የሆኑ ቀበሌዎችን እንዲያስቀድም በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለዚህ ሥራ ውድ ባትሪ አያስፈልግም፤ ቀን በፀሐይ ከፍታ ላይ ወዳለ ታንከር የተገፋ ውሃ ማታ በራሱ ክብደት ወደ ቦኖው ይወርዳል። ፓነሉ እንዳይሰረቅ ጥበቃ፣ ለተቃጠለ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለፓምፑ የሚቀይር መሣሪያ) መለዋወጫና በቅርብ የሚገኝ ባለሙያ ግን ከመጀመሪያው በበጀት ካልተያዙ፣ ከጀኔሬተሩ የተሻለ ዕድሜ አይኖረውም። ፀሐይ በነፃ ናት ተብሎ ጉድጓዱ ያለ ልክ እንዳይሳብም ቆጣሪ ይገጠም። የኤሌክትሪክ መስመር ለደረሰላቸው ፓምፖች ደግሞ ቢሮው ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር ተነጋግሮ፣ የማኅበረሰብ የመጠጥ ውሃ ከንግድ ድርጅት ባነሰ ሂሳብ የሚስተናገድበትን መንገድ እንዲያመቻች እለምናለሁ።

አንድ ወጪ የሌለው ነገር ልጨምር፤ ቀለምና ብሩሽ ካልተቆጠረ በቀር። በእያንዳንዱ ቦኖና የእጅ ፓምፕ ላይ የተለካው የፍሎራይድ መጠንና የተለካበት ቀን በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። ወላጅ ቢያንስ ለሕፃኑ የትኛው ውሃ እንደሚሻል ይወቅ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምሥራቅ ሸዋ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
ለኦሮሚያ ጤና ቢሮ